ሁለቱ ሥዕሎች ዋጋቸው ለምን ተለያየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሱቃችን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀናል። «ሁለቱም የላንካስተር፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ ሥዕል ናቸው። ሁለቱም 500 ብቻ ነው የታተሙት። ታዲያ አንዱ ለምን ሦስት እጥፍ ተወደደ?» ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በጽሑፍ ልንመልስላችሁ ፈለግን።

ልዩነቱ ያለው ከሥዕሉ ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ ነው። ሁለቱም ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥርና የሠዓሊው ፊርማ አለ። 125/500 ካለ ከ500ው 125ኛው ነው ማለት ነው። ውዱ ላይ ግን አራት ፊርማዎች ተጨምረዋል። የፈረሙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በላንካስተር የበረሩ ሰዎች ናቸው፤ በእርጅናቸው ነው የፈረሙት። አንደኛው ፊርማ ላይ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደነበር በዓይን ይታያል።

ላንካስተር ላይ ሰባት ሰው ነበር የሚሳፈረው። በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ክፍል ከበረሩት 125,000 ያህል ሰዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ለመፈረም የበቃ ሁሉ ከዚያ የተረፈ ነው። ዛሬ እነሱም የሉም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1943 የጀርመንን ግድቦች ለመምታት 133 ሰዎች በላንካስተር ተነሡ፤ 53ቱ በዚያው ሌሊት ሞቱ። የመጨረሻው በሕይወት የቆዩት ጆኒ ጆንሰን በዲሴምበር 2022 በ101 ዓመታቸው አረፉ። የዘመቻው መሪ ጋይ ጊብሰን የሞቱት ደግሞ ገና በ1944 ነው። ስለዚህ በ1990 የታተመ ሥዕል አምጥቶ «ጊብሰን ራሳቸው የፈረሙበት ነው» የሚል ካጋጠማችሁ እንዳትገዙ። ከድሮ ወረቀት የተገኘ ፊርማ ከሥዕሉ ጎን አብሮ ፍሬም ሊገባ ይችላል። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ በግልጽ ሊነገራችሁ ይገባል።

ፊርማውን በማጉያ መነጽር እዩት። በማተሚያ ማሽን የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበተናል። የእርሳስ ፊርማ ግን ወረቀቱን ወደ መብራት ዘንበል ስታደርጉት ያብለጨልጫል፤ እርሳሱ ጫን ያለበት ቦታም ጎድጎድ ይላል። ሱቅ ስትመጡ አብረን እናያለን።

አደራ፣ ነጩን ጠርዝ አታስቆርጡ። ባለፈው አንድ ደንበኛችን ፍሬም ቤት ሰጥተው ሲቀበሉ ቁጥሩም ሁለት ፊርማዎችም ተቆርጠው ተጥለው ነበር። ሥዕሉን ይዘው ሲመጡ ምን እንደምንላቸው ጠፋን። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀሉ፤ ቀለሙ ይነጣል።

«የቦምብ አውሮፕላን ቤት ውስጥ ይሰቀላል ወይ?» ያላችሁንም አልረሳንም። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች መደብደቧን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጀርመን ግድቦች ተመትተው በተነሣው ጎርፍም ከ1,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ጀርመን በግዳጅ ያመጣቻቸው ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ከእያንዳንዱ ፍሬም ጀርባ አንድ ወረቀት እንለጥፋለን። ማን እንደፈረመ፣ ምን ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ከታች በነበሩት ሰዎች ላይም ምን እንደደረሰ ይጻፍበታል።

ከዚህ በፊት ከእኛ የገዛችሁም ሥዕሉን ይዛችሁ ብቅ በሉ። ወረቀቱን ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች