ኪቦርዱን አስዘጊው

ሐዋሳ፣ ማክሰኞ ማታ

እህት ዓለም፣

«አለሽ እንዴ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አለሁ። መልእክትሽ የደረሰኝ ጾሙ ሳይገባ ነበር፤ ይኸው ክረምቱ ገብቶ ታቦር ተራራ በጉም ተሸፍኗል። መብራት ሄደ፣ ኔትወርክ ጠፋ እያልኩ ሰበብ ልደረድርልሽ አስቤ ነበር። የእኔን ሰበብ ግን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። ስትመጪ ቆንጥጪኝ።

ደግሞ ናፍቆት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የቸገረኝም ነገር አለ። እሱን ኋላ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ዕዳዬን ልክፈል። «ነጮቹ፣ ጥቁር አሜሪካውያኑና የእኛ ሰዎች አብረው ስለ ዘር ፍትሕ የሚጸልዩበትን ምሽት ምሪ ተብያለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ነበር ያልሽኝ። ምሽቱ ወደ መስከረም መተላለፉን ከእህትሽ ሰማሁ። እግዚአብሔር ለሰነፎችም ያስባል ማለት ነው።

ከቃሉ ጀምሪ። «ዘር» ከሚለው ቃል ማለቴ ነው። አስተርጓሚሽ «ዘረኝነት» ሲል ፈረንጁ የቆዳ ቀለም ያስባል፣ ሐበሻው ብሔር ያስባል። ከዚያ የእኛዎቹ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ በዓይናቸው ጠርዝ መቃኘት ይጀምራሉ፤ በአንድ አዳራሽ ሁለት ጸሎት ይሆናል። ስለዚህ ዘርዝረሽ «በቆዳ ቀለም ሰውን ማሳነስ» በይው። የብሔሩንም ነገር ለብቻው በስሙ ጥሪው። «ፍርድ»ም እንደዚሁ ነው። አሞጽ 5፥24 በ1954ቱ ትርጉም «ፍርድ እንደ ውኃ» ይላል፤ እዚያ ያደጉት ልጆች ፍርድ ሲባል ቅጣት ነው የሚታያቸው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም «ፍትሕ» ብሎታል፣ እሱን አንብቢላቸው። ደግሞ ከቁጥር 21 ጀምሪ፣ 24ን ብቻ ነጥለሽ አታንብቢ። እግዚአብሔር የዝማሬያችሁን ጩኸት አርቁልኝ የሚለው 23 ላይ ነው። መዘምራኑ ካኮረፉ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ሰዓቱ 75 ደቂቃ ይበቃል። መክፈቻው 5፣ ንባቡ 10፣ ሰቆቃው 20፣ ዝምታው 10፣ ንስሐው 15፣ ምልጃው 10፣ የቀረችው 5 ቃል መግቢያ። ሁሉንም በየዓረፍተ ነገሩ ካስተረጎምሽ ግን ሁለት ሰዓት ይሞላል፤ ሰውም ከአጋማሹ በኋላ የሚያየው የእጅ ሰዓቱን ነው። ንባቡንና የንስሐውን ጸሎት በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አሳትሚው፤ በቃል የሚተረጎመው የሰዎቹ ምስክርነት ብቻ ይሁን። ስብከት የለም። አዎ፣ ፓስተሩ ሊቀየም ይችላል። 15 ደቂቃ ብትሰጪው 40 ይሆናል፣ የሚቆረሰውም ከንስሐው ላይ ነው።

ኪቦርዱን ደግሞ አስዘጊው። ሰው ለጸሎት አፉን ሳይከፍት ከሥር እንደ ጭጋግ የሚነሳ ያ ድምፅ አለ አይደል? እናት ማይክ ይዛ «ልጄ መኪና ይዞ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ አልተኛም» ስትል ኪቦርዲስቱ ቀስ ብሎ ቃናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ ሳትጨርስ አሜን ይላል። በቃ፣ የእሷ ነገር ወደ ዝማሬ ተለወጠ። ሳትሰማ ወረደች።

ሰቆቃው ላይ ሕዝባችን ይቸኩላል። መዝሙር 13ን ተመልከቺ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፤ ሁለቱ አቤቱታ፣ ሁለቱ ልመና፣ ሁለቱ መታመን። እኛ ከ1 ወደ 5 እንዘላለን። ለዚህ ምሽት 88ን ምረጪ። መጨረሻዋ ጨለማ ነው። አንብቢና ተቀመጪ፣ «ነገር ግን» ብለሽ አትጨምሪ። ይከብዳል ካሉሽ የአገራችንን አልቃሽ አስታውሻቸው፤ «ሰው ሁሉ ሟች ነው» ብላ አታለቅስም። ሟቹን በስሙ፣ በጋቢው፣ በበሬው እየጠራች ነው የምታስለቅሰው። ሙሾ የሚያውቅ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በጥቅሉ የሚያለቅሰው ለምን እንደሆነ እንጃ።

ተናጋሪ ሦስት ሰው ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፤ ከነትርጉሙ 18 ደቂቃ ይሆናል። ጽፈው ያንብቡት፤ በቃል ከሆነ ወይ ይረዝማል ወይ ያልታሰበ ስም ይወጣል። ከሳምንት በፊት ለብቻቸው ጠይቂያቸው፣ እምቢ የማለት መብታቸውንም አንቺው ቀድመሽ ንገሪያቸው። ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ቁስላቸውን ለሰው የመግለጥ ግዴታ የለባቸውም። በቀጥታ ሥርጭትም አይተላለፍ።

ዝምታው 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ይሁን። ግንቦት 17 ቀን 2012 እናንተው ከተማ ሚኒያፖሊስ የፖሊሱ ጉልበት በጥቁሩ በጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ የቆየበት፣ በፍርድ ቤት የቀረበው ልክ ነው። መጀመሪያ ሲወራ የነበረው 8 ደቂቃ ከ46 ስለሆነ አንድ ሰው ሊያርምሽ ይነሳ ይሆናል፤ አትከራከሪ። ሰዓቱን ስልክ ላይ አድርገሽ ድምፁን አጥፊ፣ ስክሪን ላይም ቁጥር አይቁጠር፤ ሰው ቁጥር ካየ የሚጠብቀው ማለቂያውን ነው። የሚሆነውን ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ደስ ትላለች። በሁለተኛው ጉሮሮ ይጠረጋል። በአራተኛው የወንበር ብረት መንቃቃት ይጀምራል፣ አንድ ሕፃን «አለቀ?» ይላል፣ እናቱ አፉን ትይዛለች። ወደ አምስት ግድም ከመንፈሳዊዎቻችን አንዱ ጮክ ብሎ መጸለይ ያምረዋል፤ እሱን ቀድመሽ አነጋግሪው፣ ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከሰባት በኋላ ክፍሉ በእውነት ጸጥ ይላል። በስድስተኛው ፈርተሽ ካቋረጥሽ ይቺን አታገኚያትም። ለሕፃናቱ ደግሞ ሌላ ክፍል አዘጋጂ፤ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

«ጉልበት» በእኛ ቋንቋ የሚንበረከከውም የሚጨቁነውም ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አብሰሎም ጆንስ የሚባል ጥቁር ክርስቲያን በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ የተቀመጥክበት ቦታ የአንተ አይደለም ብለው ሊያስነሱት ጎተቱት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁኝ ቢላቸውም እምቢ አሉት። እነ ሪቻርድ አለን አብረውት ተነስተው ወጡ፤ ከዚያ መውጣት ነው በ1794 ቤቴል፣ በ1816 ደግሞ ኤኤምኢ የሚባለው የአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የመጣው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ይህን ከንስሐው በፊት አስነብቢ። ደቡብ አፍሪካ ላይም እንዲሁ ነው። የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በፈረንጅ በ1857 ቁርባን ለየብቻ ይሁን ሲል ምክንያቱ «የአንዳንዶች ድካም» ነበር። ለጥቂቶች ይሉኝታ ብለው የፈቀዷት ነገር በኋላ ሕግ ሆነች። በ1982 ኬፕታውን አጠገብ ቤልሃር ላይ ተረቅቆ በ1986 የጸደቀው የእምነት መግለጫ እንዲህ ያለውን መለያየት ነው የተቃወመው። ከእሱ ግማሽ ገጽ ለንባቡ ውሰጂ፤ የእናንተ አገር ፕሬስቢቴሪያኖችም በፈረንጅ በ2016 ተቀብለውታል።

አሁን ንስሐው። የሚበላሸው እዚህ ነው፣ የእኔም ብዕር እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

እኛ ጋ የታወቀው አጸላለይ «የዘረኝነትን መንፈስ በኢየሱስ ስም እንገሥጻለን» ነው። ጩኸቱ ይሞቃል፣ መንፈሱ ይወጣል፣ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ጥፋቱ የማን እንደነበር ማንም አልተናገረ! ነህምያ ግን 1፥6 ላይ «እኔና የአባቴ ቤት» ነው ያለው፣ እሱ በዚያን ጊዜ ያልተወለደበትን ኃጢአት ጭምር። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አድራጊና ድርጊት ይኑረው። «ፍቅር ጎድሎናል» አይበቃም። «አብረውን የሚያመልኩትን በልጆቻቸው ሠርግ ካልሆነ ቤታቸው ገብተን አናውቅም» ይበቃል። አምስት እንደዚህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች፤ ከእያንዳንዱ በኋላ «አቤቱ ማረን»። ነጮቹ የራሳቸውን ይጻፉ፣ አንቺ እንዳትጽፊላቸው።

ከዚያ የሐበሻው ተራ ነው፣ ይኼን እንዳትዘይው። የእኛ ሰዎች በዚያ ምሽት ከተበዳዩ ወገን ብቻ ቆመው መዘመር ይፈልጋሉ። ግን «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚለውን እዚያው ሳሎናችሁ ውስጥ የሚለው ማነው? ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም እያልን ሰውን ደረጃ የሰጠነው እኛ ነን፤ ከሱ በታች ለሆነው ሰው የነበረንን ስም ልጽፈው እንኳ አልወድም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር ነው። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ልጅ አናጋባም የሚል ምእመን ዛሬም አለ፤ እሑድ ይቆርባል። ዘኍልቁ 12ን አስነብቢ። ማርያምና አሮን ሙሴን በኢትዮጵያዊት ሚስቱ አሙት፤ እሷ ለምጽ ወጣባት፣ 7 ቀን ከሰፈር ውጪ ተቀመጠች። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ሁልጊዜ በሚስቲቱ ቦታ ነው ራሱን የሚያስቀምጠው። አንዴ በማርያም ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ይቅርታ አንድ ነገር። በንስሐው መካከል አንዱ ነጭ ወንድም እያለቀሰ ወደ አንዷ ጥቁር እህት ሄዶ ይቅር በይኝ ሊል ይችላል። ልቡ ቅን ነው፤ ግን እሷ ሕዝብ ፊት ቆማ እሱን ማጽናናት ሊኖርባት ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ፣ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ዛሬ መልስ አይጠበቅበትም ብለሽ አስታውቂ። ሰኔ 10 ቀን 2007 ቻርልስተን በጥቁሮቹ ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ በአንድ ነጭ ሲገደሉ ከሁለት ቀን በኋላ አንዳንድ ቤተሰቦች ገዳዩን ይቅር ብለንሃል አሉት። ታላቅ ነገር ነው። ዓለም ግን እሱን ብቻ ያዘና ገና ይቅርታ ላይ ያልደረሱትን ቤተሰቦች ረሳቸው።

መዝሙር 68፥31ንስ? «ኢትዮጵያ እጆቿን…» ብሎ የሚጀምር ሰው አይጠፋም፣ እልልታውም ይከተላል። ለአንድ ምሽት አሳርፏት። ወይም ከጠቀሳችኋት የእነሱንም ታሪክ ንገሩ፤ በባርነት ያሉ ጥቁሮች በዚህች ጥቅስ ነው ራሳቸውን ሰው ብለው የጠሩት። ኒው ዮርክ ውስጥ በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን በቀለም ተለይተው አንቀመጥም ብለው የወጡት በፈረንጅ በ1808 ቤታቸውን «አቢሲንያ» አሉት፤ የእኛ አገር ነጋዴዎችም አብረዋቸው ነበሩ ተብሎ ይተረካል። እጇን የዘረጋችው በእነሱም በኩል ነው።

ቃል መግቢያው አጭር ትንሽ ወረቀት ነው፤ የኤ4 ሩብ። አንድ ድርጊት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን። ነህምያ 5፥11 ላይ እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱን መልሱ ይላል፤ ዘኬዎስም ሒሳቡን በአራት እጥፍ ነው የሠራው። «እጸልያለሁ» ብሎ የጻፈውን መልሺለት። ወረቀቱ አንድ ቅጂ ለአንቺ ይቅር፣ በስድስት ሳምንት ደውለሽ ትጠይቂያለሽ። ካልጠየቅሽ ምሽቱ ዝግጅት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቡናው፦ ሐበሻው በጀበናው ዙሪያ፣ ፈረንጁ በብስኩቱ ዙሪያ እንዳይከማች ወንበሮቹን ስድስት ስድስት አድርጊና ስም ለጥፊባቸው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ የተያዘው በስብከቱ ሳይሆን በማዕዱ ነው፤ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ሲተው።

በይ፣ ዕዳዬ አለቀ። አሁን የእኔ።

እዚህም እንዲህ ያለ ምሽት አዘጋጂ ተብያለሁ። የእኛው ጉዳይ ነው፣ የቀለሙ አይደለም። ሲዳማና ወላይታ እዚሁ ሐዋሳ የተጋጩበትን የ2010ን ሰኔ ላንቺ ማስረዳት አያስፈልግም። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገር ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይገባል፤ አንዱም ከአንዱ ቀድሞ እንዳይናገር ይፈልጋል። ሰቆቃውን አዘጋጅቻለሁ፣ ዝምታውንም። የንስሐውን ወረቀት ግን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም «ፍቅር ጎድሎናል» ላይ ነው የደረስኩት። አንቺን አድራጊና ድርጊት ብዬ የምመክር ሴትዮ! ቤት ስናከራይ አስቀድመን «የየት አገር ሰው ነሽ?» የምንለውን ልጽፍ እጄን አነሳና አከራዮቹ የፊተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቀመጡ ትዝ ይለኛል። እና… እንግዲህ፣ ለመልእክትሽ ያልመለስኩት በከፊል ለዚህ ነው። ያልደፈርኩትን ላስተምርሽ አፍሬ።

ስለዚህ የእናንተን ወረቀት ላኪልኝ፤ ያለቀውን ብቻ አይደለም፣ የተሰረዘበትንም፣ ፓስተሩ ይውጣ ያለውንም ዓረፍተ ነገር ጭምር። ፎቶ አንስተሽው ቢሆን ይበቃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ መብራት አለ፣ ደውይ። ደግሞ አነሳለሁ፣ በእውነት።

ያቺው ሰነፍ እህትሽ