የተባባሪ ዳኛን ትእዛዝ ለመቃወም ያለው ጊዜ 3 የሥራ ቀን ብቻ ነው

ለአዘጋጁ፦

በቴክሳስ የልጅ ቀለብ ክርክር በዋናው ዳኛ ምትክ የሚሰሙ ተባባሪ ዳኞች ሥልጣን በማኅበረሰባችን ዘንድ ይናቃል። «ዋናው ዳኛ ገና ያየዋል» ብሎ መቀመጥ ግን ብዙ ያስከፍላል።

በግዛቲቱ የቤተሰብ ሕግ ምዕራፍ 201 መሠረት፣ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በኩል በሚቀርቡ የቀለብ ጉዳዮች ተባባሪ ዳኛው የሚፈርመው የውሳኔ ሐሳብ ነው። ቅር የተሰኘ ወገን፣ ማስታወቂያው በደረሰው እስከ 3ኛው የሥራ ቀን ድረስ ጉዳዩ በዋናው ዳኛ ፊት እንደ አዲስ እንዲሰማ በጽሑፍ ካልጠየቀ፣ ሐሳቡ ያለ ዋናው ዳኛ ፊርማ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይሆናል። ዓርብ የተነገረው ሰው ጊዜው ረቡዕ ያልቃል ማለት ነው። ፍርድ ቤትን በመድፈር ወይም በእስራት የሚያስቀጣ ትእዛዝ ብቻ የዋናውን ዳኛ ውሳኔ ይጠብቃል፤ ይህ ልዩነት ተገቢ ነው።

ጥያቄው «አልተስማማሁም» ቢል አይበቃም። የገቢ ስሌቱ ይሁን የጤና መድኑ፣ የሚከራከሩበት ነጥብ ተለይቶ መጻፍ አለበት። እስኪሰማም ትእዛዙ ስለሚጸና ክፍያ ማቋረጥ ውዝፍ ያከማቻል። ከችሎቱ በፊት የሚቀርብ፣ በዋናው ዳኛ ፊት እንደ አዲስ የመሰማትን መብት የሚያስቀር ቅጽም አለ፤ ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

የዳላስና የሂዩስተን አካባቢ ፍርድ ቤቶች የመጨረሻውን ቀንና ጥያቄው የሚገባበትን መዝገብ ቤት የሚገልጽ የአንድ ገጽ የአማርኛ ማስታወቂያ ከትእዛዙ ጋር እንዲያያይዙ፣ አስተርጓሚውም ችሎቱ ከመነሣቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው የማኅበረሰብ ማኅበራት በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንድ አንባቢ