የእማማ ቅል

ሙሉዬ፣

ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም፤ በአርባቸውም በሙት ዓመታቸውም አልመጣሁም። መጀመሪያ ሥራ ይዞኝ ነበር፤ ኋላ ግን ኀፍረት ያዘኝ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ተቆጪኝ፤ ስትቆጪ አፍንጫሽ እንደሚነፋ አልረሳሁም።

የምጽፍልሽ ስለ ጓያ ነው። አዎ፣ ዛሬም ጓያ። አጎትሽ በሁለት ከዘራ ተደግፈው ደጁን ሲሻገሩ ካየሁ ወዲህ ሌላ ሰብል ልቤ አልገባም።

ዋሴ የተባለው ዝርያ ከተለቀቀ በኋላም መርዙ ይበልጥ ያነሰ ዘር ስፈልግ ኖሬ፣ አገኘሁ ብዬ ነበር። 17 ቁጥር እላታለሁ፤ ፍሬዋ ማዕዘናም፣ የሕፃን የወተት ጥርስ የምትመስል። ሁለት ዓመት ተከታትዬ ኦዳፕዋ፣ ያ እግር የሚያሽመደምደው የጓያ መርዝ፣ ዝቅ ብሎ ነበር። አምና ክረምቱ ቀድሞ በወጣበት ሌላ ማሳ ላይ ዘራኋት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ መርዟ ከሌሎቹ እኩል! ወረቀቱን ይዤ ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድርቅ መርዙን እንደሚያንረው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ሰው ጓያ ላይ የሚወድቀው ሌላው ሰብል ሲከስም ነው። በጥጋብ ዓመት ብቻ የምታምር ዘር ለማን ትሆናለች?

የፍሬ ክብደት ቢሆን ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ትልቁን መርጠሽ ብትዘሪ ትልቁን ታጭጃለሽ። መርዙ ግን ማሳዬ ላይ ከዘሩ ይልቅ አፈሩንና ዝናቡን ነው የሰማው፤ ተወራሽነቱ ደካማ ነው። የዘሩን ድርሻ ከአፈሩ ለመለየት በብዙ ቦታ ደጋግሞ መዝራት፣ ከዚያም በፊት እርስ በርሱ በእውነት የሚለያይ ዘር መያዝ ያስፈልጋል። የእኔ 40 የዘር መስመሮች ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከተመሳሳይ ምን ይመረጣል?

እንግዲህ... እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ። እማማ ጓዳ ውስጥ ከምሰሶው ላይ የሚያንጠለጥሏት ቅል አለች? «ዘር አይበላም» እያሉ በክፉ ቀን እንኳ ያልነኳት። የቀረ ካለ አንድ ሲኒ ብቻ። እምቢ ብትዪም አልቀየምም፤ የእጃቸው ነገር ነውና።

ከደምቢያ ጎረቤቶችሽም ካገኘሽልኝ የእያንዳንዱን ቤት ለየብቻ ቋጥሪው፤ አደራ፣ እንዳትደባልቂው። ማሳው ውኃ የሚተኛበት ይሁን ቶሎ የሚደርቅ፣ ዘሩንም ከማን እንደወረሱት ጻፊበት።

መሬቱ ለመስከረም መጨረሻ ይደርሳል። የእማማን ከ17 ቁጥር አጠገብ እዘራታለሁ።