በአንዴ አታቁሚው

ልጄ፣

ወንድምሽ ደውሎ «ክኒኑን በሙሉ ሽንት ቤት ደፋችው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መተው መፈለግሽ ደስ ይለኛል፤ ጎበዝ ነሽ። ግን ወራት ሙሉ የተወሰደ ዲያዜፓም፣ ያ የማረጋጊያ ክኒንሽ፣ በአንዴ አይቆምም። በአንዴ አታቁሚው።

አክስትሽን ታስታውሻለሽ አይደል? ያኔ ትንሽ ነበርሽ፣ ወደ ክፍሏ አላስገባንሽም። እንዳንቺው ያለ የማረጋጊያ ክኒኗን ለማንም ሳትናገር ተወችው። በቀናት ውስጥ ዝም አለች። ሳጎርሳት አፏን አትከፍትም፣ ስጠራት አትመልስም፣ ዓይኗ ግን ፍጥጥ ብሏል። እጇን ወደ ላይ ሳነሳው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ቀስ አድርጌ እስካወርደው ድረስ አልወረደም። ሰዉ «አኩርፋ ነው»፣ «ሐዘኑ ነው» ይል ነበር። እስቲ አሁን ማን እንዲህ ያኮርፋል?

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «በቅርቡ ያቆመችው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች። ያን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው አለማግኘታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዲያዜፓም ዘመድ የሆነውን ሎራዜፓም የተባለ መድኃኒት በመርፌ ሰጠቻት። ብዙም ሳይቆይ አክስትሽ «ውሃ» አለች። ኋላ እንደነገረችኝ የምንለውን ሁሉ ትሰማ ነበር።

ሕመሙ ካታቶኒያ ይባላል። ካልባም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው በ1874 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት። አንጎል ጋባ የሚባል የሚያረጋጋው ንጥረ ነገር አለው። ክኒኑ የጋባን ሥራ ያጠናክራል፤ ጊዜ ሲረዝም አንጎል ያንን ይለምድና በራሱ መረጋጋት ያቅተዋል። ድንገት ሲቋረጥበት ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ይሆናል። አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጨነቃል። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ የሚነሳበትም አለ። እንደ አክስትሽ የሚደርቁት ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ደግሞ ችግሩ ከሌላ የአእምሮ ሕመም ጋር ይምታታል። ለዚያ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ያብሱታል።

ስለዚህ ስሚኝ። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ። ምን ያህል ትወስጂ እንደነበር፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰድሽና የመጨረሻውን ክኒን የዋጥሽበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፊ። መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ቸኩለሽ በራስሽ አትወስኚ። ከሰው ተበድረሽም እንዳትውጪ። አልኮል የሚባል ነገር አፍሽ እንዳይገባ!

አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ይህን ደብዳቤ አስነብቢያት። አታፍሪ። መናገር ካቆምሽ፣ መብላትና መጠጣት እምቢ ካልሽ፣ ከተገተርሽ ወይም ከተንፈራገጥሽ «ትተኛ፣ ይሻላታል» አትበል፤ ድንገተኛ ክፍል ትውሰድሽ። ከመድረቁ ጋር ትኩሳት ካለ ደግሞ አንድ ደቂቃም አትጠብቅ፣ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሞቹ መጀመሪያ የምትናገረው ክኒን ማቆምሽን ይሁን።

አልተቆጣሁሽም፣ የኔ ቆንጆ። ፈርቼ ነው። በአንዴ አታቁሚው። ሐኪሙን እንዳናገርሽ ደውዪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትሽ