ደብዳቤ ለልጄ፦ ሲሶን ቶሎ አትቁረጪው

አማኑኤል፣ ምሥራቅ ጎጃም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በደብረ ማርቆስ መኪና ሽሮና በርበሬ ልካለች፤ ለአክስትሽ ደርሷት እንደሆነ ንገሪን።

በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። ሒሳብ ወረቀት ይፈልጋል። አንድ ሦስተኛን 0.33 ብለሽ ጻፍሽ፤ መልሰሽ በ3 ስታባዢው 0.99 ሆነብሽ። «አባዬ፣ የቀረችው 0.01 የት ገባች?» አልሽኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ስንቱ ልጅ 0.33 ብሎ ጽፎ ገጹን ይገልጣል፤ አንቺ ግን የጎደለውን አየሽ። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ክፍልፋይ ማለት ገና ያልተሠራ ማካፈል ነው። 3/8 ሲባል 3 ለ8 ይካፈል ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ላዕሉን ለታህቱ ታካፍያለሽ። 8 ከ3 ስለሚበልጥ 0 ጻፊና ነጥብ አድርጊ። 3ቱን 30 አድርጊው፤ በ30 ውስጥ 8 ሦስት ጊዜ አለ፣ 6 ይቀራል። 6ቱን 60 አድርጊው፤ ሰባት ጊዜ አለ፣ 4 ይቀራል። 4ቱን 40 አድርጊው፤ አምስት ጊዜ አለ፣ የሚቀር የለም። መልሱ 0.375 ነው፤ አለቀ።

አንዳንዴ ማካፈልም አያስፈልግሽም። ታህቱን አባዝተሽ 10 ወይም 100 ወይም 1000 ማድረስ ከቻልሽ በቂ ነው። 3/4ን ውሰጂ። ላዩንም ታቹንም በ25 ስታባዢ 75/100 ይሆናል፤ ይኸውም 0.75 ነው። በእኛ አገር አራት ቃዳ አንድ ሄክታር አይደል? አያትሽ «ሦስት ቃዳ መሬት» ሲሉ የመሬት ባለሙያው 0.75 ሄክታር ብሎ ይጽፋል። መሬቱ ያው ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ሲሶ እንምጣ። 1 ለ3 ሲካፈል 1ን 10 ታደርጊዋለሽ። ሦስት ጊዜ አለ፣ 1 ይቀራል። እንደገና 10፤ እንደገና ሦስት ጊዜ፣ እንደገና 1። የጀመርሽው በ1 ነው፣ የቀረሽም 1 ነው። ስለዚህ እስከ ዕድሜ ልክሽ ብትሠሪው 3 እያወጣ ይሄዳል። መጽሐፋችሁ ተደጋጋሚ አስርዮሽ የሚለው ይህንን ነው፤ 3ቱ ላይ ሰረዝ የሚደረግበትም ለዚሁ ነው።

0.33 እንግዲህ አንድ ሦስተኛ አይደለም። 33/100 ነው። ልዩነቱን አስልተሽ ታውቂያለሽ? ከ1/3 ላይ 33/100 ሲቀነስ 1/300 ይቀራል። ያንን ሦስት ጊዜ ስትወስጂው 3/300፣ ማለትም 1/100 ይሆናል። ይቺው ናት 0.01 ያልሻት። የትም አልገባችም፤ ከሁለተኛው 3 በኋላ ስትቆርጪ እዚያው ትተሻት መጥተሽ ነው። ሦስቶቹን ሳትቆርጪ ማለቂያ በሌለው መንገድ ብትወስጂያቸው ኖሮ ሦስት እጥፋቸው 0.999... እየተባለ ይቀጥላል፤ እሱ ደግሞ ልክ 1 ነው። ወደ 1 የተጠጋ ማለቴ አይደለም፤ ራሱ 1 ነው። ይህን አስተማሪሽን ጠይቂ፣ ክፍሉ ሁሉ ይከራከርበት።

ለምን 3/8 ቆመ፣ 1/3 ግን አልቆመም? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 10 የተሠራው ከ2 እና ከ5 ብቻ ነው። 100ም 1000ም እንደዚያው፤ ብትበታትኛቸው ከ2 እና ከ5 ሌላ አታገኚም። ስለዚህ ታህቱ ከ2 እና ከ5 ብቻ የተሠራ ከሆነ አስርዮሹ ይቆማል። 8 ሦስት ሁለቶች ናቸው። 20፣ 25፣ 40 ሁሉም ከዚያው ቤት ናቸው። በታህቱ ውስጥ 3 ወይም 7 ወይም 11 ካለ ግን አይቆምም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ መጀመሪያ አቃልዪው። 6/15ን ስታዪ 15 ውስጥ 3 አለ ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ ሲቃለል ግን 2/5 ነው፣ 0.4።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለፈተና ብቻ አይደለም። እኔ ሚዛን ቤት የምውል ሰው ነኝ፣ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ዘንድሮ ውቂያ እንዳለቀ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት መጡ። መሬታቸውን ሌላ ሰው አርሶላቸው ከምርቱ ሲሶ ይደርሳቸዋል። የወጣው ጤፍ 14 ኩንታል ነው። ሒሳቡን የያዘው ሰው በስልኩ «ሲሶ 0.3» ብሎ መታና 4.2 ኩንታል አላቸው። እሳቸው ሊቀበሉ እጃቸውን ዘርግተዋል። እኔ ወረቀት አወጣሁና 1400 ኪሎውን በቀጥታ ለ3 አካፈልኩት። 466 ኪሎ ሆነና 2 ኪሎ ቀረ፤ እሱም ለሦስት ሲካፈል ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። እሳቸውን ሊያሰናብት የነበረው በ420 ነው። ልዩነቱ ከ46 ኪሎ በላይ ጤፍ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ሊሆን ጥቂት የቀረው! የአንድ ቤት የስንት ቀን እንጀራ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ የያዘውም ስልክ አልተሳሳተም። ሲሶን ቶሎ ቆርጦት ነው።

0.33 ብሎ ቢሆንስ? 462 ይመጣል፤ ከአራት ኪሎ በላይ ይጎድላል። 0.333 ቢል 466.2 ነው፤ ያኔም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይጎድላል። ስለዚህ በመሃል አትቁረጪ። ክፍልፋዩን እንደ ክፍልፋይ ይዘሽው እስከ መጨረሻ ሂጂ። የምታጠጋጊው መልሱ ከመጣ በኋላ፣ ሚዛኑ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ፤ እኔ ሁሌም የምወደው ነው። ልጅ ሆኜ ቤተ ክህነት ስማር መሪጌታ ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን መቁጠሪያ ሒሳብ፣ ያስቆጥሩን ነበር። በዚያ ሒሳብ አንድ ቀን ከነሌሊቱ 60 ኬክሮስ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ 0.25 ብሎ መጻፍ አይሆንለትም። ግን ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሲሆን ሩቧን 15 ኬክሮስ ብለው ያዟት፤ አራት ዓመት ስትጠራቀም 60 ኬክሮስ፣ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። ጳጉሜን 6 የሚያደርጋት ይኸው ነው። አሁን የቀን ሲሶ ስንት ኬክሮስ እንደሆነ አስቢ። 20! ምንም ትርፍ የለ፣ ምንም ድግግሞሽ የለ። 60 በውስጡ 3 ስላለው ነው። እንግዲህ አንድ ሦስተኛ በራሱ ምንም ችግር የለበትም፤ አስቸጋሪው በ10 መለካታችን ነው። 60ም ቢሆን 7 ሲገጥመው አይችልም።

7 ካልኩ አይቀር፣ 1/7ን ደብተርሽ ላይ በእጅሽ ሥሪው። ካልኩሌተሩን አክስትሽ ጋ አስቀምጪው። ለ7 ስታካፍዪ ሊቀርሽ የሚችለው ከ1 እስከ 6 ካሉት አንዱ ብቻ ነው። 0 አይቀርም፤ 7 ከቀረሽ ደግሞ ማካፈሉን አልጨረስሽም። ስለዚህ ቢበዛ ስድስት ጊዜ ሄደሽ ቀድሞ ያየሽው ቀሪ ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይደገማል። ቀሪዎቹ በተራ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 ይሆናሉ፤ መልሱ 0.142857 እያለ ይዞራል። ከዚያ 2/7ን ሥሪ። 0.285714 ይመጣል። እነዚያው አኃዞች፣ በዚያው ተራ፣ ከሌላ ቦታ የጀመሩ ናቸው። ለምን እንደሆነ የቀሪዎቹን ተራ እያየሽ ራስሽ ድረሺበት፤ እኔ አልነግርሽም።

እሱ ሲገባሽ 1/13ን እና 2/13ን ሞክሪ። እዚያ ደግሞ የ7ቱ ነገር እንደዚያው አይሆንልሽም። ሠርተሽ ስትጨርሺ ደብተሩን ፎቶ አንሺና በአክስትሽ ቴሌግራም ላኪልኝ። ቀሪዎቹንም ጎን ለጎን ጻፊያቸው፤ መልሱን ብቻ አልፈልግም።

አክስትሽን ሰላም በይልኝ። ወንድምሽ የጂኦሜትሪ ሳጥኔን ይዛብኝ ሄደች እያለ ነው፤ ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽለት ነይ።

አባትሽ