ደወል መስላ ስለምትንጠለጠለው አበባ

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ባለፈው ስለ ግቢ አበባ ስታወጡ ያቺን ቁልቁል የምትንጠለጠለውን ብሩግማንሲያ ውበቷን ብቻ አውርታችሁ ስለ መርዟ አንድ ቃል አለማለታችሁ ደስ አላለኝም። እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነኝ፣ አጥር ጥግ አንድ አለችኝ፣ ሲመሽ ሽታዋ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ቅርንጫፍ ስጠን ነው። እኔ ደግሞ ሳልሰጥ በፊት ይቺኮ የአስተናግር ዘመድ ናት እላለሁ፣ ስሙ ራሱ ይናገር የለ እንዴ! ከቅጠል እስከ ፍሬ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉባት፣ የበላት ሰው አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ይቀባዥራል፣ ሊሞትም ይችላል።

አምና ስቆርጣት እጄን ሳልታጠብ አይኔን አሸሁና የአንዱ አይኔ ብሌን ብቻ ሰፍቶ ቀረ፣ ባለቤቴ መስታወት ይዛ ስታሳየኝ ደነገጥኩ፣ ከዛ ወዲህ ያለ ጓንት አልነካትም።

መትከሏማ ቀላል ነው፣ ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ስንዝር ከምናምን ቆርጦ ጥላ ቦታ እርጥብ አፈር ላይ ማቆም ነው፣ ከያዘች በኋላ ውሃና ፍግ አትጠግብም። የደሴ አየር ይስማማታል፣ ኮምቦልቻ ግን የከሰአት ፀሀይ ቅጠሏን ያጠወልገዋል። ውርጭ ቢያቃጥላትም ከስሯ ታቆጠቁጣለች። ስትገርዟት ግንዷ ለሁለት ከተከፈለበት በታች አትውረዱ፣ አበባዋ የሚወጣው ከዛ በላይ ነው። ህፃን ልጅ ወይ ፍየል ያለው ሰው ግን ይቅርበት፣ ፅጌረዳ ይትከል።