ካላዛርንም አትርሱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አዳዲስ ክትባቶች ብዙ ይጻፋል፤ ደስ ይላል። ስለ ገዳዩ በሽታ ስለ ካላዛር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

በየዓመቱ ስንት ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳል። ሲደክመው ግራር ሥር፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ጋደም ይላል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትደበቀው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ያልቃል። ካልታከመ ይሞታል።

የተለመደው ሕክምና በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን ነው። አንደኛው መድኃኒት ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ይህን አደገኛ መርፌ በሚልቴፎሲን እንክብል ተካው። ፓሮሞማይሲን የተባለው ሌላኛው መርፌ ግን እንዳለ ቀጠለ፤ ሕክምናውም ወደ 14 ቀን አጠረ። ከታካሚዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ዳኑ፤ ከቀድሞው ጋር እኩል ማለት ይቻላል። (እንክብሉ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።) አሁን ደግሞ ያለ መርፌ፣ በአፍ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት እየተሞከረ ነው። ለቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እባካችሁ በሽታው ወደሚታከምበት ወደ ጎንደር ሄዳችሁ ሐኪሞቹንና ታካሚዎቹን አነጋግሩልን። ጽሑፉ አጨዳው ሳይጀመር ቢወጣ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ